የባሕር ካያክን ገላን ሆኖ መማር፦ ከመጽሐፍ የሚገኘውና ከውሃ ብቻ የሚገኘው

ጠያቂው በገላን የሚኖሩና በትራንዚት ሥራ ምክንያት ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብና ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሰው ናቸው። የጻፉት ባጭሩ ይህ ነው፦ «ዕድሜዬ 34 ነው፤ ዋና እችላለሁ። ጅቡቲ በሄድኩ ቁጥር በካያክ ባሕሩ ላይ የሚሄዱ ሰዎችን እያየሁ ልቤ አብሯቸው ይሄዳል። ሁለት የመማሪያ መጻሕፍት አግኝቻለሁ፤ አስተማሪ ግን በአቅራቢያዬ አላገኘሁም። ከመጽሐፍ ተምሬ፣ ቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ ተለማምጄ ባሕር ላይ መውጣት እችላለሁ? ከየት ልጀምር? ጀልባስ አሁኑኑ ልግዛ?»

የተከበሩ ጠያቂ፣ ይቻላል፤ እኔም የጀመርኩት ከመጽሐፍ ነው። ዛሬ ለገጣፎ አጠገብ ባለ አንድ የመዋኛ ገንዳ ጀማሪዎችን ሳሠለጥን ከምናገረው ውስጥ ብዙውን በመጀመሪያ ያገኘሁት ከታተመ ገጽ ላይ ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ የሚጀምር ሰው በተደጋጋሚ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ፤ ምላሼም በአብዛኛው በዚያ ላይ ያተኩራል። ካያክ በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ ነው፤ ዕውቀቱም ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የሰውነት ነው፦ ሚዛን መጠበቅ፣ መቅዘፍ፣ ሲገለበጡ መውጣትና ተመልሶ መሳፈር። ሁለተኛው የውሳኔ ነው፦ ዛሬ ልውጣ ወይስ ልቅር፣ ነፋሱ ወዴት ይገፋኛል፣ ባሕሩ እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ፣ ቢመሽብኝ የት እወጣለሁ። የሰውነቱን ወገን ምንም ያህል ቢያነቡት ውሃ ውስጥ ሳይገቡ አያገኙትም። የውሳኔውን ወገን ግን በልምድ ብቻ ልማር ያለ ሰው እያንዳንዱን ትምህርት በአደጋ ይከፍልበታል፤ እዚህ ላይ መጽሐፍ መቅደም አለበት። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ቅደም ተከተል ያዞሩታል፤ ማታ ማታ ስለ አቀዛዘፍ ስልት ያነባሉ፣ ስለ ነፋስና ስለ ባሕር ሙላት የተጻፈውን ምዕራፍ ደግሞ ሠንጠረዥ ስለበዛበት ያልፉታል።

ካያክን የፈጠሩት ሰዎች መጽሐፍ አልነበራቸውም። የኢኑይት፣ የዩፒክና የአሌውት አዳኞች በእንጨት ወይም በአጥንት ማገር ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው የሠሩት የአደን ጀልባ ነው፤ በበረዶ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ ስለማይቆይ፣ ተገልብጦ ከጀልባው ሳይወጣ መቃናትን የሚያውቅ አዳኝ ወደ ቤቱ የመመለስ ዕድሉ የሰፋ ነበር። ልጆች ይህን የሚማሩት ከአባቶቻቸውና ከአጎቶቻቸው አጠገብ ሆነው ነው። እኛ አጠገባችን የሚቆም እንዲህ ያለ ሽማግሌ ስለሌለን፣ «ዛሬስ ቅር» የሚለንን ሰው ቦታ በከፊል የሚይዝልን መጽሐፍ ነው። ስለዚህ እርስዎም መጽሐፍዎን እንደ ሽማግሌ ምክር ያንብቡት፤ ምክሩን የሚሹት ከመውጣትዎ በፊት መሆኑን ግን አይርሱ።

በመጀመሪያ የነፋሱን ምዕራፍ ይክፈቱ። የነፋስ ኃይል ከ0 እስከ 12 የሚመደብበት የቦፎርት መለኪያ በብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን በነበረው በፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 የተጀመረ ነው፤ ከጊዜ በኋላ በየብስ ላይ የሚታዩ ምልክቶች ስለተጨመሩበት ውሃ በሌለበት ቦታም ያገለግላል። ገላን ላይ ከግቢዎ ሳይወጡ ሊለማመዱት ይችላሉ። ነፋሱ ፊትዎ ላይ ከተሰማዎትና የባሕር ዛፉ ቅጠል ከተንሿሿ መጠኑ 2 ነው። ቅጠሉና ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ሳያቋርጥ ከተወዛወዘ 3 ነው፤ ይህም በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከመንገዱ ላይ አቧራና ወረቀት ማንሣት ከጀመረ 4 ደርሷል፤ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ነው። ትንንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው ከተወዛወዙ 5 ነው። ውሃ ላይ ደግሞ በ3 የሞገዱ ጫፍ አልፎ አልፎ መንጣት ይጀምራል፣ በ4 ነጩ ጫፍ በየቦታው ይበዛል። ለጀማሪ የመጨረሻው ድንበር 3 ነው፤ የገላን አቧራ ከተነሣ ሐይቁን ለሌላ ቀን ይተዉት። ምክንያቱም ነፋሱ በሰውነትዎና በጀልባው ላይ የሚያሳድረው ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል እየጨመረ አይሄድም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ከጧቱ 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ዛፉን አይተው የነፋሱን መጠንና የመጣበትን አቅጣጫ በደብተር ይመዝግቡ። ይህ ልምምድ አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ይሁንና ከማውቃቸው ጀማሪዎች ውስጥ ረጅም ጊዜ ያለ አደጋ የቆዩት ይህን ያደረጉት ናቸው። ጧት ጸጥ ያለው አየር ፀሐይ ምድሩን ካሞቀችው በኋላ እንዴት እንደሚነሣ በገዛ እጅዎ ጽፈው ሲያዩት፣ የጣና ባለታንኳዎች በደንገል ታንኳቸው ነፋስ ሳይነሣ ማለዳ መውጣትን ለምን እንደሚመርጡ ማንም ሳያስረዳዎት ይገባዎታል።

ቀጥሎ የሚያነቡት ምዕራፍ ስለ መገልበጥ የተጻፈው ይሁን፤ ይህኛው ግን ባነበቡ በሳምንቱ ውስጥ በውሃ መፈተን አለበት፤ ካልሆነ ግን ያነበቡት ይጠፋል። የባሕር ካያክ ጠባብና ረጅም ነው፤ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀዛፊው እግሮቹን ወደ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል፤ ሞገድ እንዳይገባበትም ወገቡ ላይ የታጠቀውን ሽፋን በመቀመጫው ቀዳዳ ዙሪያ ይወጥረዋል። ሰዎች የሚፈሩት ተገልብጠው በዚህ ሽፋን ታስረው መቅረትን ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ የሚወገደው ግን በድግግሞሽ ብቻ ነው። ሲገለበጡ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፤ በዚህ አቀማመጥ ፊትዎ ከመሬት ግጭት ይጠበቃል፣ እጅዎም ከሽፋኑ ፊት ያለውን ማውለቂያ ማሰሪያ በቀላሉ ያገኛል። ማሰሪያውን ወደ ፊት ገፍተው ወደ ላይ ይሳቡት፤ ሽፋኑ ሲላቀቅ በሁለት እጅዎ የመቀመጫውን ጠርዝ ገፍተው ልክ ሱሪ እንደሚያወልቅ ሰው ከጀልባው ይንሸራተቱ። ብቅ ሲሉ አንድ እጅዎ ጀልባውን፣ ቢቻል ሌላው መቅዘፊያውን እንደያዘ ይሁን፤ ነፋስ ባለበት ባዶ ጀልባ ከዋናተኛ ይልቅ ፈጥኖ ይሄዳልና። ከሁሉ አስቀድሞ ማሰሪያው ሽፋኑ ሲወጠር ወደ ውስጥ ተጣጥፎ አለመቅረቱን ሁልጊዜ በእጅዎ ይንኩት።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት በመዋኛ ገንዳ ውስጥ፣ ደረት በሚደርስ ውሃ ላይ፣ አጠገብዎ ሰው ቆሞ መሆን አለበት። የቢሾፍቱ ሐይቆች ለዚህ የመጀመሪያ ቀን አይመቹም። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈቱ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ በመሆናቸው ዳርቻቸው ቁልቁል ነው፤ የባቦጋያ ጥልቀት ከ60 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዳር ጥቂት እንደራቁ እግርዎ የሚቆምበት አያገኙም። ገንዳ ውስጥ አሥር ጊዜ ተገልብጠው በእርጋታ ከወጡ በኋላ ግን ሐይቁ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

መውጣት የትምህርቱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ባሕር ላይ ሰው የሚጎዳው ተመልሶ መግባት ባለመቻሉ ነው። አብሮዎት ሌላ ቀዛፊ ካለ፣ ጓደኛዎ ወደ ተገለበጠው ጀልባ የፊት ጫፍ ይቀርብና ጫፉን በራሱ ጀልባ ላይ አግድም ይስበዋል፤ ውሃው በመቀመጫው ቀዳዳ ይፈስሳል። ከዚያ ጀልባውን ያቃናና ከራሱ ጎን አስጠግቶ፣ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ እንዲያይ አድርጎ፣ በሙሉ ክብደቱ ተደግፎ ይይዝልዎታል። እርስዎም እግርዎን እየመቱ በሆድዎ ከመቀመጫው ኋላ ባለው ጀርባ ላይ ይወጡና እግርዎን ወደ ውስጥ እየሰደዱ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ብቻዎን ሲሆኑ ደግሞ በአየር የሚሞላ ከረጢት ወይም ውሃ የማይጠጣ ፎም በመቅዘፊያው አንድ ጫፍ ላይ አስረው፣ ሌላውን ጫፍ ከመቀመጫው ኋላ በጀልባው ጀርባ ላይ አግድም ያሳርፉታል፤ እንደ ክንፍ ሆኖ ጀልባው እንዳይዞር ይይዛል። ስትሳፈሩ ክብደታችሁን ወደዚያ ክንፍ አድርጉ እያልኩ ተማሪዎቼን እወተውታለሁ፤ በሌላው ወገን የተደገፈ ሰው ወዲያው ይገለበጣል። ከገቡ በኋላ ውሃውን በእጅ ፓምፕ ያወጡታል። ይህን ሁሉ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ማድረግ መቻል ብቻ በቂ አይደለም፤ ሞገድ ባለበት ቀን፣ ጓደኛ ዳር ቆሞ፣ በዳርቻው አቅራቢያ መደገም አለበት።

ስለ አቀዛዘፍ ብዙ አልልም፤ መጽሐፍዎ በሥዕል ያሳየዎታል። ኃይሉ የሚመጣው ከክንድ ሳይሆን ከወገብ መዞር ነው፤ ወለል ላይ እግርዎን ዘርግተው ተቀምጠው በመጥረጊያ እንጨት ሊለማመዱት፣ በስልክዎ ቀርጸውም ከሥዕሉ ጋር ሊያስተያዩት ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ አሳስባለሁ፦ ሚዛን ሲጠፋ በመቅዘፊያው ውሃውን ተደግፎ መቃናትን ሲለማመዱ ክርንዎን ዝቅ አድርገው ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉት። ክንዱን ከትከሻው በላይ ዘርግቶ ውሃ ላይ የተደገፈ ሰው ትከሻው ሊወልቅ ይችላል፤ ይህም ካያክ በሚቀዝፉ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ጉዳት ነው። ከጀልባው ሳይወጡ ተገልብጦ መቃናቱን ግን በመጀመሪያው ዓመት አይሞክሩት፤ አጠገብ ቆሞ ጭንቅላትዎ ቀድሞ መነሣቱን የሚያርም ሰው ሳይኖር ከሥዕል ብቻ የተማረው ጥቂት ነው።

ከቤትዎ የሚቀርበው ውሃ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው፤ የከተማው ፍሳሽ የሚወርድበትና የእንቦጭ አረም ያስቸገረው በመሆኑ አይግቡበት። ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ አዲስ አበባ የምትጠጣቸው ስለሆኑ የመዝናኛ ቦታ አይደሉም። የሚቀርዎት ቢሾፍቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከገላን ደግሞ ያንሳል። በሐይቆቹ ዳር ባሉ መዝናኛዎች የሚከራዩት ካያኮች በአብዛኛው ሰው ላያቸው ላይ የሚቀመጥባቸው ሰፋፊ የፕላስቲክ ጀልባዎች ናቸው። እነዚህን አይናቋቸው፤ ለመቅዘፍና ነፋስን ለማወቅ ይበቃሉ፣ ሲገለበጡም መልሶ ለመውጣት ቀላል ናቸው። ከባሕር ካያክ ጋር ግን አንድ ነገር አድርገው አይቁጠሯቸው። ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ በሚከበርበት ሰሞን በዚያ ውሃ ላይ አይውጡ፤ ሐይቁ የአምልኮና የምስጋና ቦታ ነው። በተለይ በበልግና በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ከጠቆረ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያው ወደ ዳር ይውጡ፤ በሐይቅ መካከል ከፍ ብሎ የሚታየው እርስዎ ነዎት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሰፊ ውሃ ሲፈልጉ ወደ ላንጋኖ ይሂዱ፤ ዝዋይና ሐዋሳ ጉማሬ ስላለባቸው ለብቻዎ አይሆኑም። ስለ ላንጋኖ የራሴን ልንገርዎት። ከዳርቻ ወደ መካከል ስለሚነፍስ ነፋስ ያነበብኩት ከመሄዴ በፊት በነበረው ሳምንት ነበር፤ በእርሳስም አስምሬበት ነበር። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ዳር ቆሜ ሳይ ውሃው ጸጥ ብሏል፤ ነፋሱ ከኋላዬ ከዛፎቹ በላይ እየተሻገረ ስለሚሄድ ዳርቻው ከነፋስ ተከልሎ ነበር። ገብቼ ቀዘፍኩ፤ ጀልባው በራሱ የሚሄድ እስኪመስል ድረስ ቀለለኝ፤ ኃይሌ የጨመረ መሰለኝ። ዘወር ስል ዳርቻው ርቋል፣ ነጩ ሞገድም ከብቦኛል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው። ወደ ተነሣሁበት በቀጥታ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ታገልኩ፤ ዛፎቹ አልቀረቡኝም። በመጨረሻ ነፋሱን በጎን ሰያፍ እየቆረጥኩ ወደ አንድ የመሬት ጉብታ አቀናሁና ከተነሣሁበት እጅግ ርቄ ወጣሁ። ያነበብኩት ትክክል ነበር፤ ስህተቱ ያሰመርኩበትን ትቼ በዓይኔ ብቻ መወሰኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ዳር ሳለሁ ከዛፍ ከለላ ወጥቼ፣ የተጋለጠ ጉብታ ላይ ቆሜ ነፋሱን ሳልለካ አልገባም። ሲወጡም በመጀመሪያ ከነፋሱ ጋር ፊት ለፊት ይቅዘፉ፤ ድካም ሲመጣ መልሶ የሚያደርስዎት ነፋሱ ይሆናል።

ሐይቆቻችን የማያስተምሩት ዋናው ነገር የባሕር መሙላትና መጉደል ነው። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ ማግኘት ስለሚኖርብዎት በእርሳስና በወረቀት ይሥሩት። በብዙ የባሕር ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ሲሞላም ሆነ ሲጎድል በእኩል ፍጥነት አይደለም። ቀዛፊዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለውን የውሃ ከፍታ ልዩነት ለ12 ይከፍለውና በስድስቱ ሰዓታት ውስጥ በቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3፣ 3፣ 2፣ 1 እጅ ይሰጣል። ልዩነቱ 120 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በመጀመሪያው ሰዓት 10፣ በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 30፣ 30 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ፍሰቱ የሚበረታውም በእነዚህ የመካከል ሰዓታት ነው። አዲስ ወይም ሙሉ ጨረቃ በሆነች ሰሞን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ጨረቃን ከገላን ሰማይ ላይ እያዩ ጅቡቲ ያለው ባሕር በዚያን ቀን እንዴት እንደሚሆን መገመትን ልማድ ያድርጉት። የአንድ ተራ ቀዛፊ ፍጥነት በሰዓት ሦስት የባሕር ማይል፣ ማለትም 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ፍሰት ካጋጠመው ወደ ፊት እየቀዘፈ ወደ ኋላ ይሄዳል። ነፋስና ፍሰት ፊት ለፊት ሲገናኙ ደግሞ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ ይቀራረባል።

ጅቡቲ ላይ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጉቤት ወደሚባለው የውስጥ ወሽመጥ የሚገባበት መተላለፊያ ጠባብ በመሆኑ በኃይለኛ ፍሰቱ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያ ቀናትዎን እዚያ አያድርጉት። ሙቀቱ ከሚበረታበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካለው ጊዜ ይልቅ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወቅት ይሻላል። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ባሕር ጠለል ላይ ስንደርስ ትንፋሻችን ይቀለናል፤ ይህ ግን ያታልላል፤ ሙቀቱ ላብዎን ሳያውቁት ያሟጥጠዋል፣ ስለዚህ ለመጠጥ ከሚገምቱት በላይ ውሃ ይያዙ። ከወደቡ መግቢያ መሥመር ይራቁ፤ ጭነት የያዘ መርከብ በምን ያህል ርቀት ሊቆም እንደሚችል በሥራዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ መርከቡ ላይ ያለው ሰው እርስዎን አያይዎትም። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች የአካባቢውን ባሕር ከሚያውቅ አስጎብኚ ወይም ዓሣ አጥማጅ ጋር ያድርጉ፤ የት እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱም ለአንድ ሰው ጽፈው ይተዉለት።

ጀልባውን አሁን አይግዙ። የባሕር ካያክ ሲገዙ ከፊትና ከኋላ ውስጡ በግድግዳ ተከፍሎ ውሃ የማያስገባ ክፍል ያለው፣ በዙሪያውም መያዣ ገመድ የተዘረጋለት መሆን አለበት፤ በክራይ ጀልባ ቢያንስ አንድ በጋ ሳይቀዝፉ የትኛው ለሰውነትዎ እንደሚስማማ አይለዩትም። 5 ሜትር የሚረዝመውን ዕቃ ማስገባቱና በመኪና ጣሪያ ላይ ማጓጓዙም ቀላል ወጪ አይደለም። ዛሬ የሚገዙት ላይፍ ጃኬትና ፊሽካ ነው። ጃኬቱ ክንድን የማያግድ፣ ለቀዛፊ የሚሠራው ባለ 50 ኒውተን ዓይነት ይሁን፤ በሰው ክብደት ልክ ተመርጦ በጎን ማሰሪያዎቹ ይጠበቅ። ሲለኩት ሁሉንም ማሰሪያ ካሰሩ በኋላ ሌላ ሰው ከኋላዎ ቆሞ የጃኬቱን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ ወደ አገጭዎ ወይም ወደ ጆሮዎ ከወጣ ሰፍቶዎታልና ያነሰውን ይውሰዱ።